ሳትተረጎም የቀረችው ቃል

እስከዳር ሥራሽ ምንድን ነው ሲሏት "ኢንሹራንስ ነገር ነው" ትል ነበር። ውሸት አይደለም፤ እውነቱም ግን ይህ ብቻ አልነበረም። የምትሠራበት ድርጅት በኢንሹራንሱና በፋርማሲው መሃል ቆሞ የትኛው መድኃኒት እንደሚሸፈን፣ ፋርማሲው ለሸጠው ክኒን ስንት እንደሚከፈለው የሚወስን ነው። ሬኒየር ቢች በሚባል ሰፈር ትንሽ ፋርማሲ የነበረው ኡርጌሳ ይህን ዓይነቱን ድርጅት "ደላላው" ነበር የሚለው። "ደላላው እንደገና ቀነሰብኝ" እያለ ሲያማርር እስከዳር ብዙ ጊዜ ሰምታዋለች። ደላላውን የምታገለግለው እሷ መሆኗን ግን አያውቅም ነበር፤ እሷም አልነገረችውም።

የምትሠራው ፌደራል ዌይ በምትባል ከተማ ካለው አፓርታማዋ ሆና ነው። መኝታ ቤቷ ጥግ ላይ ሁለት ስክሪን ዘርግታ በማለዳ ትቀመጣለች። አንድ ፋርማሲ "ይህን መድኃኒት የገዛሁበት ዋጋ እናንተ ከከፈላችሁኝ ይበልጣል፣ አስተካክሉልኝ" ብሎ ይግባኝ ሲል ፋይሉ እሷ ጋ ይደርሳል። ደረሰኙ ተያይዞ ይመጣል። እሷ ደረሰኙን ከፍታ፣ ዋጋውን አመሳክራ፣ ይስተካከል ወይም አይስተካከል ማለት አለባት። ስትቀጠር የተነገራት ይህ ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ወራት እንደተነገራት ሠራች። በቀን ሃያ፣ ቢበዛ ሃያ አምስት ትጨርሳለች። ከዚያ አንድ ቀን አለቃዋ ደውላ ሌሎቹ በቀን ዘጠና እንደሚያደርሱ ነገረቻት።

"እንዴት አድርገው ነው ዘጠና የሚያደርሱት?" አለች እስከዳር።

"አብዛኛው ተመሳሳይ ነው እኮ" አለች አለቃዋ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። "እያየሽው ስትሄጂ ትለምጂዋለሽ።"

ለመልመድ አንድ ሳምንት በቃት። ደረሰኙ አይከፈትም። "ዋጋው ተመርምሮ ከገበያው ጋር የተመጣጠነ ሆኖ ተገኝቷል" የምትል የተዘጋጀች ዓረፍተ ነገር አለች፤ እሷን መርጦ ፋይሉን መዝጋት ነው። ይግባኙን የተቀበለ ሠራተኛ ለምን እንደተቀበለ ረጅም ማብራሪያ መጻፍ አለበት። ውድቅ ያደረገን ማንም ምንም አይጠይቀውም።

ፋይሎቹ የበሽተኛ ስም የላቸውም። የፋርማሲው መለያ ቁጥር፣ የመድኃኒቱ ስምና ዋጋው ብቻ ነው ያለው። አንዱን ቁጥር ግን ለይታ ታውቀው ነበር። ገና ደረሰኝ ትከፍት በነበረበት ሰሞን የኡርጌሳን አድራሻ አይታበታለች። ኡርጌሳ ኮሌጅ አብሯት ኬሚስትሪ የተማረ፣ ፈተና ሲደርስ ማስታወሻውን የሚያውሳት ልጅ ነበር። እሱ ገፍቶ ፋርማሲስት ሆነ፤ እሷ ልጅ ይዛ አልቻለችም። ያ ቁጥር በመጣ ቁጥር እጇ ትንሽ ያመነታና እንደ ሌሎቹ ይዘጋዋል። "ለእሱ ብቻ ባደርግ አድልዎ ነው" ትላለች ለራሷ። በዚህች ሰበብ ሁለት ዓመት ያህል ኖረች።

ጥር ውስጥ፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ልጇ ሶሲ ከትምህርት ቤት ደወለችላት። የእማማ ጎረቤት ደውላላት ነበር፤ እማማ ስትሮክ ይዟቸው ሆስፒታል ናቸው አለቻት፣ እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ።

ሶሲ እማማ የምትላቸው እትዬ እጅጋየሁ ናቸው። የሥጋ ዝምድና የላቸውም። እስከዳር ከባሏ ተለያይታ፣ ቀን ካፒቶል ሂል በሚባል ሰፈር ምግብ ቤት እያስተናገደች ማታ ኮሌጅ ስትማር፣ ሶሲን አምስት ዓመት ሙሉ ያሳደጉላት ግን እሳቸው ናቸው። ልጅቷ የመጀመሪያ እርምጃዋን የተራመደችው በእሳቸው ሳሎን ነው። ሬኒየር ቢች ባቡር ጣቢያው አጠገብ ለብቻቸው ይኖራሉ። የልብ ምታቸው የተዛባ ስለሆነ ደም ማቅጠኛ ክኒን መውሰድ ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል።

እስከዳር ሆስፒታል ስትደርስ ኡርጌሳ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። የእትዬ እጅጋየሁ የሰፈራቸው ፋርማሲስት ነውና ሰምቶ መጥቷል፤ ነጭ ጋውኑን እንኳ አላወለቀም።

"ነፍሳቸው ተርፋለች" አላት። "ቀኝ እጃቸው ግን አልታዘዝ ብሏቸዋል። አንደበታቸውም ትንሽ ተያይዟል።"

"መድኃኒቱን አይወስዱም ነበር እንዴ?"

ኡርጌሳ ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አደረገ። "ዘጠኝ ቀን አልወሰዱም። ጥፋቱ የኔ ነው።"

"ያንተ እንዴት ሆነ?"

"ያንን ክኒን በሸጥኩ ቁጥር እከስር ነበር። ደላላው ከገዛሁበት በታች ነው የሚከፍለኝ። አሥራ አንድ ጊዜ ይግባኝ ብያለሁ፤ አሥራ አንዱም ተመለሰብኝ። እሳቸው ብቻ ቢሆኑ እችለው ነበር፤ ግን ሠላሳ ሰው ነው ይህን ክኒን ከኔ የሚወስደው። ታኅሣሥ ላይ ማምጣቱን አቆምኩና ወደ ትልቁ ፋርማሲ ላክኋቸው። እዚያ ሲሄዱ ከኢንሹራንሱ አዲስ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ቆይተው ይመለሱ አሏቸው። ሁለት ጊዜ በአውቶቡስ ተመላለሱ። እኔን ላለማስቸገር ብለው ዝም አሉ፤ ይሉኝታቸውን ታውቂው የለ።" የጋውኑን ቁልፍ መፍታት ጀመረና፣ "አንድ ጠርሙስ ከስሬም ቢሆን ብሰጣቸው ምን እሆን ነበር?" አለ።

ያን ጊዜ አፏን ብትከፍት ቃሉ ይወጣ ነበር። ይግባኞቹን ከሚመልሱበት አንዷ እሷ መሆኗን ታውቅ ነበርና፣ "ጥፋቱ ያንተ አይደለም" ማለት ብቻ እንኳ ይበቃ ነበር። እስከዳር ግን ትከሻውን መታ መታ አድርጋ ወደ ክፍሉ ገባች። እትዬ እጅጋየሁ ሲያዩዋት በግራ በኩል ብቻ ፈገግ አሉ።

በማግስቱ ሥራ ስትገባ ከሁሉ አስቀድማ የኡርጌሳን ቁጥርና የክኒኑን ስም አስገብታ ፈለገች። አሥራ አንዱም ይግባኝ ወጣ። አራቱን ሌሎች ሠራተኞች ናቸው የዘጉት። ሰባቱን እሷ ናት። የሰባቱንም ደረሰኝ አንድ በአንድ ከፈተች። ሁሉም ላይ የተገዛበት ዋጋ በግልጽ ተጽፏል፤ ኡርጌሳ በሰባቱም ትክክል ነበር። አንዱን ፋይል ከፍታ እስክትዘጋው የፈጀባትን ጊዜ ሲስተሙ መዝግቦታል፤ አሥራ አራት ሴኮንድ ይላል።

የዚያን ቀን ምሳ አልበላችም። በዘጠናው ቁጥር ላይ ለመድረስ ግን ከሰዓት በኋላ እንደገና መዝጋት ጀመረች፤ በኋላ ለራሷም ይቅር ማለት የከበዳት ይህንን ነው።

ወር ሳይሞላ ኡርጌሳ ደወለላት። የስቴቱ ምክር ቤት ደላሎቹን የሚቆጣጠር የሕግ ረቂቅ ይዟል፣ በስቴቱ ዋና ከተማ በኦሎምፒያ ኮሚቴው የሕዝብ አስተያየት ሊሰማ ነው አላት። እሱ ሊናገር ተመዝግቧል። እትዬ እጅጋየሁም እናገራለሁ ብለዋል።

"በዚህ ሁኔታቸው?"

"እኔም ብያቸዋለሁ። እምቢ አሉ። አስተርጓሚ እንፈልግልዎ ስላቸው ደግሞ 'እስከዳር ታስተርጉምልኝ፣ ከሷ በላይ አነጋገሬን የሚያውቅ የለም' አሉኝ።"

እምቢ የምትልበት ምክንያት ፈለገች። ሥራ አለኝ ልትል ትችላለች። ሶሲ ግን አጠገቧ ቁጭ ብላ ትሰማ ነበርና "ማም፣ ትሄጃለሽ አይደል?" አለቻት፤ ልጅቷ ይህችን እንኳ በአማርኛ ነው ያለቻት።

"እሄዳለሁ" አለች እስከዳር።

ኦሎምፒያ የሄዱት በኡርጌሳ መኪና ነው። እትዬ እጅጋየሁ ነጠላቸውን አስተካክለው ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ የሚሉትን በልባቸው ሲያጠኑ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አዳራሹ ውስጥ ገብተው ተራ ሲጠብቁ የደላሎቹን ወገን ሊናገር የመጣ አንድ ሰው ቀድሞ ተጠራ። ሽክ ያለ፣ ለስላሳ ድምፅ ያለው ሰው ነው፤ እስከዳር ከዚያ በፊት አይታው አታውቅም። የያዘው ወረቀት ላይ ያለውን ምልክት ግን አወቀችው፤ የድርጅቷ ነው።

"እያንዳንዱ ይግባኝ" አለ ሰውየው፣ "በሠለጠነ ባለሙያ በጥንቃቄ ይመረመራል። ከመቶ ዘጠና አንዱ መሠረተ ቢስ ሆኖ ተገኝቷል።"

ዘጠና አንድ የምትለዋን ቁጥር በጥቅምት ያወጣቻት እሷ ናት። አለቃዋ "ለሪፖርት ነው፣ ከተዘጉት ከመቶ ስንቱ ውድቅ እንደሆነ ስጪኝ" ስትላት አስልታ ላከችላት። ውድቅ የሆነ ሁሉ መሠረተ ቢስ ተብሎ እንደሚነበብ አላሰበችም፤ ወይም ማሰብ አልፈለገችም።

እትዬ እጅጋየሁ ወደ ጆሮዋ ተጠጉ። "ምን አለ?"

"ስለ ድርጅታቸው ነው የሚያወራው፣ እትዬ።"

"ይህን ሁሉ አውርቶ?"

"አዎ፣ ስለ ድርጅታቸው ነው።"

ቀጥሎ ኡርጌሳ ተናገረ። አንዲት የኮሚቴው አባል "ይግባኝ ብለህ ነበር?" ስትለው "አሥራ አንድ ጊዜ" አለ፣ "መልሱ አሥራ አንድ ጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።" ያችን ዓረፍተ ነገር በቃሉ አነበነባት። እስከዳር ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም።

ከዚያ ተራው የእትዬ እጅጋየሁ ሆነ። እስከዳር ደግፋቸው ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻቸውና አጠገባቸው ሆነች። አሮጊቷ ቃላቸው ቢጎተትም ሳይቸኩሉ ተናገሩ፤ እሷም እየተከተለች ተረጎመች። ዘጠኙን ቀን ተናገሩ፤ ተረጎመች። ሁለቴ በአውቶቡስ መመላለሳቸውን፣ አሁን ጠጉራቸውን በራሳቸው እጅ መሥራት እንዳቃታቸው ተናገሩ፤ ይህንንም ተረጎመች። ድምፅዋ የረጋ ነበር። ሰዎቹ በትኩረት ይሰሟታል።

በመጨረሻ እትዬ እጅጋየሁ ግራ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳርፈው እንዲህ አሉ። "ያንን የፋርማሲስቱን ወረቀት እምቢ ያለው ሰው ክፉ ነው አልልም። ሳያየው ነው። ክፉን ሰው ሕግ ላይመልሰው ይችላል፤ ሳያይ የሚያልፈውን ግን እንዲያይ ሊያደርገው ይችላልና፣ ሕጉን አውጡልን።"

እስከዳር አፏን ከፈተች። ቃሉ በእንግሊዝኛ ሆኖ ምላሷ ላይ ነበር። በሳቸው ቦታ ሆና "ክፉ ነው አልልም፣ ሳያየው ነው" ማለት ማለት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ራሷን በራሷ አፍ ይቅር ማለት ሆነባት። አፏን መልሳ ገጠመች።

"ጨርሰዋል?" አለች የኮሚቴዋ ሰብሳቢ በትሕትና።

"ሕጉን አውጡልን ነው የሚሉት" አለች እስከዳር። "አመሰግናለሁ።"

የዚያኑ ቀን ተመለሱ። እትዬ እጅጋየሁን ቤታቸው አስገብተው ወደ መኪናው ሲመለሱ፣ ኡርጌሳ ቁልፉን ይዞ ሳያስነሳ ቆየ።

"ዋናዋን ነገር ለምን አስቀረሻት?" አላት። "እኔ እኮ አማርኛ እሰማለሁ።"

"ሰዓታቸው አልቆ ነበር።"

"አላለቀም። ሰዓቱን እያየሁት ነበር።"

እስከዳር የመኪናውን መስታወት እያየች ነገረችው። ከመጀመሪያው ጀመረች፤ የት እንደምትሠራ፣ ዘጠናውን፣ አሥራ አራት ሴኮንዷን፣ ሰባቱን ፋይል። ኡርጌሳ ሳያቋርጣት ሰማ።

"ከፍተሽ ያየሽው የኔ ወረቀት አለ?"

"መጀመሪያ ሰሞን ጥቂቱን አይቻለሁ።"

"እና?"

"ትክክል ነበርክ። ከነሱም አንዳንዱን፣ ዘጠናው ላይ ለመድረስ ስል፣ እምቢ ብዬሃለሁ።"

ራሱን ነቀነቀ። "ሆስፒታል ጥፋቱ የኔ ነው ስልሽ ዝም ብለሽ ሰማሽኝ።"

"ሰማሁህ።"

"አንድ ወር ሙሉ እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ እስኩ።" አልጮኸባትም። ቢጮህ ይሻላት ነበር። "ለኔ የነገርሽኝ ምንም አይጠቅምም። የስቴቱ ኢንሹራንስ ቢሮ አቤቱታ ይቀበላል። እዚያ በስምሽ ጻፊው። ከዚያ እናወራለን።"

እሺ አለችው። አድርጊው ያላትን ለማድረግ ግን ሦስት ሳምንት ፈጀባት። የቤት ኪራዩን አሰበች፤ ሶሲ ከሁለት ዓመት በኋላ ዩኒቨርሲቲ እንደምትገባ አሰበች፤ ሌላው ሁሉ የሚያደርገውን ነው ያደረግሁት አለች። እስከዚያው ሥራዋ ላይ ደረሰኝ መክፈት ጀመረች። ከዘጠና ወደ አሥራ ስምንት ወረደች። በሁለተኛው ሳምንት አለቃዋ በጽሑፍ አስጠነቀቀቻት። ያን ቀን ምሽት ሶሲ ወጥ ቤት ስትገባ እናቷ ላፕቶፑ ፊት ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። እስከዳር ለልጇም ነገረቻት።

ሶሲ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ እማማ ያውቃሉ ወይ አለቻት።

"አያውቁም።"

ልጅቷ ተነሥታ ክፍሏ ገባች። በሯን በቀስታ ነው የዘጋችው።

እስከዳር የዚያኑ ዕለት ጽፋ ላከች። ከቢሮው አንዲት ሴት ደውላ ሁለት ሰዓት ያህል ጠየቀቻት፤ የምታውቀውን ሁሉ ተናገረች፣ የራሷን ስም ጭምር። ድርጅቱ በወሩ መጨረሻ የሥራ ውጤትሽ ቀንሷል ብሎ አሰናበታት። ምርመራው የት እንደደረሰ እስካሁን የነገራት የለም።

ሕጉ በጸደይ አለፈ። ኡርጌሳ በስልክ ሲነግራት ድምፁ ላይ ደስታ አልሰማችም። ሕጉ የሚሠራው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ እሱ ደግሞ እስከዚያ የሚቆይበት አቅም የለውም። ሰኔ መጨረሻ ላይ ፋርማሲውን ዘጋ። እስከዳር ሳይጠራት ሄዳ መደርደሪያ ስታራግፍ ዋለች። ሂጂ አላላትም፤ ነይም አላላትም። ካፒቶል ሂል አንድ ክሊኒክ ውስጥ መቀጠሩን የሰማችው ከሌላ ሰው ነው። ካርቶኖቹን አሽገው ሲጨርሱ ብቻ፣ "ለእትዬ እጅጋየሁስ ነገርሻቸው?" አላት።

"አልነገርኳቸውም።"

"እኔ አልነግራቸውም" አለ። "ከኔ አፍ ሊሰሙት አይገባም።"

በማግስቱ ሄደች። እትዬ እጅጋየሁ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው፣ ባለሙያዋ እንዳዘዘቻቸው ባቄላ በቀኝ እጃቸው ከአንዱ ሳህን ወደ ሌላው አንድ በአንድ ያሻግራሉ። እስከዳር ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

"እትዬ፣ ኦሎምፒያ ያልተረጎምኩልዎት ነገር አለ።"

"የቱን?"

"'ክፉ ነው አልልም፣ ሳያየው ነው' ያሉትን።"

አሮጊቷ ባቄላዋን እንደያዙ ቀሩ። ቀና ብለው አዩዋት፤ ብዙ አዩዋት።

"አንቺ ነበርሽ እንዴ?"

"እኔ ነበርኩ። ሰባቱን ጊዜ እኔ ነበርኩ።"

"ሳታይው ነው?"

"ወረቀቱን አላየሁትም። የኡርጌሳ መሆኑን ግን አውቅ ነበር። የእርስዎ መድኃኒት መሆኑን አላወቅሁም፣ እትዬ። ባውቅማ…"

"የኔ ባይሆን የሌላ ሰው ነበራ" አሉ።

እስከዳር ተንበርክካ ጉልበታቸውን ልትይዝ ስትል በግራ እጃቸው ከለከሏት።

"ተይ፣ በይቅርታ አታጣድፊኝ። ልጅሽን ያሳደግሁ ሰው ነኝ፤ አልጨክንብሽም። ዛሬ ግን የለኝም። ከሌለኝ ላይ ልስጥሽ?" ባቄላዋን ወደ ሳህኑ ጣል አደረጓት። "ሐሙስ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለኝ። መኪና ይዘሽ ነይ፤ አትቅሪ።"

ሐሙስ በሰዓቱ ደረሰች። በመንገድ ላይ ስለ ሶሲ ጠየቋት፣ ስለ ሌላ ምንም አላወሩም። ሐኪም ቤት ሲገቡ የተቀበለቻቸው ሴት እስከዳርን አይታ "አንቺ ታስተረጉሚላቸዋለሽ?" አለች። እስከዳር መልስ ከመስጠቷ በፊት እትዬ እጅጋየሁ ባላቸው ጥቂት እንግሊዝኛ፣ በስልክ የሚያስተረጉም ሰው እንደሚፈልጉ ተናገሩ። ከዚያ በትራቸውን ይዘው ብቻቸውን ገቡ።

እስከዳር መጠበቂያው ክፍል ቁጭ አለች። አርባ ደቂቃ ያህል ቆዩ። ሲወጡ ሹራባቸውን ያዘችላቸው፤ ቀኝ እጃቸውን እስኪያስገቡ ታግሣ ቆመች። ብዙ ጊዜ ፈጀ፤ ሁለቱም አልቸኮሉም።

"የሚቀጥለው ሐሙስም አለ" አሏት፣ በሩ ላይ ሲደርሱ።

"እመጣለሁ፣ እትዬ።"